ቀፎ ከመግዛታችሁ በፊት የሥራ ጠረጴዛውን ሥሩ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም። ስለ አንድ ጠረጴዛ ነው። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ አይደለም። አናጢ የሚሠራበት፣ ወፍራም፣ ከባድ፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ነው። የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው፦ በጂንካ ዙሪያ ባሉ የአሪ ቀበሌዎችም ሆነ በማሌ፣ በበና ፀማይ፣ በሐመር ያለ፣ ንብ የሚያንብ ወይም ለማነብ የሚያስብ ቤተሰብ፣ አንድ ተጨማሪ ቀፎ ከሚገዛ መጀመሪያ ይህን ጠረጴዛ ከራሱ እንጨት ቢሠራ ይሻለዋል።

በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር። "አርሶ አደሩ ይረስ፣ አናጢው ይጥረብ" ይላሉ። የእነሱንም ሐሳብ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን የእኔን ልንገራችሁ።

ጠረጴዛና ማር ምን አገናኛቸው?

ዘመናዊ ቀፎ ሣጥን ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ዘመናዊ ቀፎ ልክ ነው። ንቦች በሁለት ነገሮች መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ሲያገኙ መተላለፊያ አድርገው ክፍቱን ይተዉታል። ክፍተቱ ከዚያ ከጠበበ በንብ ሙጫ ይደፍኑታል። ከሰፋ ደግሞ እንጀራ ይሠሩበታል። ይህን ነገር አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበት ነው ፍሬሙ ወጥቶ የሚገባ ቀፎ የሠራው። ዛሬ እኛ ዛንደር የምንለው ቀፎም የቆመው በዚሁ ልክ ላይ ነው።

አሁን አስቡት። ፍሬሙ በአንድ ጎን 3 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ምን ይሆናል? ንቦቹ ይለጥፉታል። እናንተ ማር ልትቆርጡ ስትከፍቱ ፍሬሙ አልወጣም ይላል። በግድ ስትስቡት እንጀራው ይቀደዳል፣ እጩ ያልቃል፣ ንቡ ይቆጣል። ከዚያ "ዘመናዊ ቀፎ አይረባም" ተብሎ ቀፎው የዶሮ ቤት ይሆናል። የንቡም የአርሶ አደሩም ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የልክ ነው።

የሽግግር ቀፎም እንዲሁ ነው። ለእኛ አገር ንብ ከላይ የሚደረደሩት እንጨቶች ስፋታቸው 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ንቧ በአንድ እንጨት ሥር አንድ እንጀራ የምትሠራው ልኩ ሲገጥምላት ነው። እያንዳንዱ እንጨት በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ 25 እንጨት ስትደረድሩ ስሕተቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ይህ ማለት እንጀራው ከእንጨቱ መሐል ወጥቶ በሁለት እንጨት መካከል ተሻግሮ ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ አንዱን ሳትሰብሩ ሌላውን ማውጣት አትችሉም።

እንዲህ ያለ ልክ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጣውላውን በእግር ረግጦ አይመጣም። በእግር የተያዘ እንጨት ይንሸራተታል፤ መላጊያው ይዘላል፤ መጋዙ ይጣመማል። መሮው ቢያመልጥ ደግሞ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። እንጨት ቀጥ እንዲል የተቀመጠበት ነገር ቀጥ ማለት አለበት። ነገሩ ሁሉ ይኼው ነው።

"እኛ አናጢ አይደለንም"

ይህን በየቀበሌው እሰማዋለሁ። ግን እስቲ ዙሪያችሁን እዩ። ሞፈርና ቀንበሩን ማን ጠረበው? የመጥረቢያውን እጀታ ማን አስገባው? ሐመር ብትሄዱ አዋቂ ወንድ ያለ ቦርኮቶው አይንቀሳቀስም። መቀመጫውም የራስ ትራሱም እሷው ናት፤ ከአንድ ቁራጭ እንጨት ያለ ምስማር ተፈልፍላ የወጣች። ግራር ላይ የሚሰቀለውን ባህላዊ ቀፎም ከከተማ አምጥቶ የሰጠን የለም። እኛ እንጨት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። የጎደለን ልክ ያለው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው።

ሌላም አለ፤ ሲነገር ደስ አይልም፣ ግን ልበለው። የእጅ ሥራን እንንቃለን። በአሪ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ አብረው እንዳይቆጠሩ ተደርገው ስንት ዘመን ኖረዋል። ማረሻችንን የሚሠራልን እሱ፣ ወጥ የምንሠራበትን ድስት የምታበጀው እሷ፤ ክብሩን ግን ነፈግናቸው። ዛሬ ልጃችን ትምህርት ጨርሶ ቤት ሲቀመጥ "መሮ ያዝ" ማለት የሚያሳፍረን ከዚያው ንቀት የተረፈን ነገር ስላለ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ራሳችንን ካላስተካከልን ጠረጴዛው ቢሠራም ሸቀጥ መደርደሪያ ነው የሚሆነው።

ስለ እንጨቱ በጣም ተጠንቀቁ

"ጠረጴዛ ሥሩ" ስላልኩ ነገ በጠዋት ቡና ውስጥ ያለውን ዋንዛ እንዳትቆርጡ! አደራ። ዋንዛ የቡናችሁ ጥላ ነው። ሲያብብ ደግሞ ለንብ ከሚሰጡት ዋና ዋና ዛፎች አንዱ ነው። ለቀፎ መሥሪያ ብሎ የንብን ምግብ መቁረጥ፣ ላሟን አርዶ ወተት መጠበቅ ነው። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ደግሞ በሕግ ክልክል ነው። በግቢያችሁ ላለ አገር በቀል ዛፍም ቢሆን ከመቁረጣችሁ በፊት ቀበሌያችሁንና የደን ባለሙያውን ጠይቁ።

ታዲያ ከምን ይሠራ? የእኔ ምክር ይኼ ነው፦

1. ለላዩ፦ ራሳችሁ የተከላችሁት ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ። ባሕር ዛፍ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ክብደቱ ጥቅም ነው። ችግሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ስለ ማድረቁ ከታች እነግራችኋለሁ።

2. ዋንዛ፦ ነፋስ የጣለው ወይም በራሱ የደረቀ ካላችሁ ብቻ። ሲጠረብ ደስ ይላል፣ ብዙም አይጣመምም፤ ከባሕር ዛፍ ግን ይቀላል።

3. ወይራ፦ ለካስማና ለሽብልቅ ብቻ። ብረት የሆነ እንጨት ነው፤ ለዚህም ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። የተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ እንኳን ካስማ ይወጣዋል።

ዋንዛን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ነጋዴ መጥቶ የቆመውን ዛፍ በቁሙ ሲገዛችሁ፣ የምትሸጡት ምን እንደሆነ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ዛፉ ከ20 እና ከ30 ዓመት በላይ የቆመ ነው። ጣውላ ሆኖ ከተማ ይገባል። ከዚያ በርና አልጋ ሆኖ ይመለስና እናንተው ትገዙታላችሁ። በዛፉና በበሩ መካከል ያለው ገንዘብ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ጠረጴዛ ያለው ቤት ቢያንስ "በቁሙ አልሸጥም" የማለት አቅም ይኖረዋል።

እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ማድረቅ። እርጥብ እንጨት ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ ሲደርቅ ይላቀቃል። የቆየው የአናጢዎች ልምድ ለ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ማድረቅ ነው። ስለዚህ 8 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ግንድ ለማድረቅ ሦስት ዓመት ትጠብቃላችሁ። ይህን ማሳጠር ይቻላል። እንጨቱን 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከ8 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ስፋት አድርጋችሁ አስሰንጥቁት። ይህ ዓመት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

አደራረቁ እንዲህ ነው፦ ልጡን ላጡ። ጫፍና ጫፉን ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ቀቡት፤ እንጨት ቶሎ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ከጫፉ ነው። ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ደርድሩት። በየድርድሩ መካከል በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቀጫጭን እንጨት አጋድሙ። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ እንዳይጣመም ነው። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፤ ይተረተራል።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? አንዷን ቁራጭ ምልክት አድርጉባትና በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን መዝኗት። ቡና የምትመዝኑበት ሚዛን ይበቃል። ክብደቷ መቀነሱን ሲያቆም ደርቃለች። ለዚህ የሚገዛ መሣሪያ አያስፈልግም። የበልግ ዝናብ ላይ ከሆነ ግን ገና አትቸኩሉ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው።

ልኩ፦ ርዝመት 180፣ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር። 15 ጣውላ፣ እያንዳንዱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በጠርዙ ቆሞ ጎን ለጎን ሲጋጠም 60 ይመጣል፤ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በነጭ ኮላ አጣብቁት፣ ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ሦስት ረጅም ቡሎን አጥብቁት። ጣውላዎቹን በእጅ መላግ ከከበዳችሁ ጂንካ ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ከፍላችሁ በማሽን ታስተካክላላችሁ። አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው።

ከፍታው የሰው ልክ ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁት፣ ከመሬት እስከ እጅ አንጓችሁ ለኩ። አብዛኛው ሰው ጋ ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከዚያ ካነሰ ወገብ ያማል፤ ከበዛ መላጊያውን በክንድ ብቻ ትገፉና ቶሎ ትደክማላችሁ።

እግሮቹ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር። የፊት እግሮቹ ከላዩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁኑ፤ ወደ ውስጥ አይግቡ። ረጅም ጣውላ በጠርዙ ስታቆሙ ከእግሩ ጋር ተደግፎ ይያዛል። እግሮቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች 10 በ5 ይሁኑ፤ በምስማር ሳይሆን በወንድና ሴት ይጋጠሙ። ምስማር በወራት ውስጥ መነቃነቅ ይጀምራል። የወንዱ ውፍረት የአግዳሚውን ሲሶ ያህል ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ካስማው የሚገባበትን ቀዳዳ በወንዱ ላይ ስትበሱ፣ ከሴቱ ቀዳዳ በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው አስጠግታችሁ ብሱት። የደረቀ የወይራ ካስማ ስትመቱበት መገጣጠሚያውን ራሱ ስቦ ያጠብቀዋል። ኮላ እንኳን አያስፈልገውም።

ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በገመድ እዩ። ከማዕዘኑ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከመጣ ስኳድራ ነው። ላዩ መጣመሙን ለማየት ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ዳርና ዳር አስቀምጡና ዝቅ ብላችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። የሁለቱ ጠርዝ ካልተገጣጠመ ከፍ ያለውን ላጉ።

እንጨት ማያዣ፦ ሞርሳ ውድ ነው፤ ግዴታ አይደለም። ቀጥቃጩ ጋ ሂዱና ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት እንደ 7 ቁጥር አድርጎ ያጉብጥላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ከብረቱ በ1 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ ትበሳላችሁ። ብረቱን ከላይ በመዶሻ ስትመቱት ጣውላውን ነክሶ ይይዛል፤ ከኋላው ስትመቱት ይለቃል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጣሊያን አገር በ79 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከሄርኩላኒየም በተገኘ የግድግዳ ሥዕል ላይ እንዲህ ያለ ማያዣ ይታያል። 2 ሺህ ዓመት ገደማ የሠራ ዘዴ ለእኛም ይሠራል።

ምስጥ፦ በተለይ ቆላ ያላችሁ፣ እግሮቹን መሬት ላይ አታሳርፉ። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፤ በየወሩ እየሄዳችሁ የአፈር ዋሻ መኖሩን እዩ።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ክብደቱ በባሕር ዛፍ አንድ ኩንታል ገደማ ይመጣል። አዎ፣ ይከብዳል። መክበድም አለበት። መላጊያ ስትገፉ ጠረጴዛው አብሮ ከሄደ ጉልበታችሁ ከንቱ ቀረ።

አቅም ለሌለው

"ይኼ ሁሉ እንጨት ከየት ይመጣል፣ ዓመት ተኩልስ ማን ይጠብቃል?" ለሚል መልስ አለኝ። በትልቅ በርጩማ ጀምሩ። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የወደቀ ግንድ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ጠፍጣፋው ወደ ላይ ይሁን። ከሥሩ አራት ቀዳዳ አጋድማችሁ ብሱና በደንብ የደረቁ አራት እግሮች አስገቡ። ግንዱ እርጥብ ቢሆን ችግር የለውም፤ ሲደርቅ ተሸብሽቦ እግሮቹን ያንቃቸዋል። ከፍታው ጉልበት ድረስ ይሁን። ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ወይም በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ትሠራላችሁ። ሮማውያን አናጢዎችም እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ሠርተዋል። በሁለት ቀን ያልቃል። ትልቁን እስክታደርሱ እጃችሁ ይፍታታበታል።

ሌላው መንገድ መሰባሰብ ነው። ደቦ ለአጨዳ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? አምስት ጎረቤት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ አንድ መጋዝ ቢይዝ ለአንድ ሰው ብዙ አይደርስበትም።

የባልደረቦቼ ሙግት

አሁን ወደ እነሱ ልመለስ። "እያንዳንዱ አርሶ አደር አናጢ ከሚሆን፣ በየቀበሌው አንድ ወጣት ሠልጥኖ ለሁሉም ይሥራ" ይላሉ። በግማሹ እስማማለሁ። ለሽያጭ የሚሆን ፍሬም የሚሠራ ሰው በቀበሌ አንድ ቢኖር ጥሩ ነው። ከጂንካ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። ግን ያ ወጣት በምን ላይ ይሥራ? እሱም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይኸው ጠረጴዛ ነው። ደግሞ ፍሬም ሲሰበር፣ ክዳን ሲጣመም፣ የቀፎ መቆሚያ ምስጥ ሲበላው፣ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ማን ይጠግነዋል? መግዛት ብቻ የሚያውቅ ንብ አናቢ የመጀመሪያው ብልሽት ቀን ወደ ድሮው ይመለሳል።

ሌላው ልዩነታችን ቁጥር ላይ ነው። በየሪፖርቱ የሚጻፈው "ይህን ያህል ቀፎ ተሰራጨ" ነው። እኔ ግን መቆጠር ያለበት ንብ የገባበትና በሁለተኛው ዓመት ፍሬሙ ሳይሰበር የወጣ ቀፎ ነው ባይ ነኝ። ቀፎ ስለተሰጠ ማር አይመጣም። ቀፎን መሥራት፣ መለካት፣ መጠገን የሚችል ቤት ሲኖር ነው ማሩ የሚመጣው። በነጻ የሚሰጥ ቀፎ እየጠበቃችሁ ያላችሁ፣ ቢመጣ ተቀበሉ፤ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

በዚህ ሳምንት የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ግቢያችሁን ዙሩና የወደቀ፣ የደረቀ፣ ራሳችሁ የተከላችሁት ለመቆረጥ የደረሰ እንጨት ምን እንዳላችሁ እዩ። የማድረቂያ ርብራብ ሥሩ። አንድ ዛፍ ከተቆረጠ በምትኩ ቢያንስ አምስት ዋንዛ ወይም ብሳና ትከሉ፤ ሁለቱም ለንብ ይሆናሉ። ቤት የተቀመጠውን ልጅ፣ ሴቷንም ጨምሮ፣ አብራችሁ አስጀምሩ። መሮ ወንድ ሴት አይልም።

የደረደራችሁትን እንጨት በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፤ አደራረቁን አይቼ የሚስተካከል ካለ እነግራችኋለሁ። ስለ ፍሬም ልክም በሚቀጥለው እጽፋለሁ።

መልካም የሥራ ሳምንት ይሁንላችሁ!